የምትታዘል ጀልባ

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ። የከተማው አስጎብኚዎች የገባው በምሥራቁ በር፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ በሚሉት በኤረር በር ነው ይላሉ። በግንብ በታጠረው ጁገል ውስጥ ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ከአሚር አሕመድ ጋር ተነጋግሮ፣ በሰላም ወጣ። ይህን ታሪክ ሐረር ውስጥ የማያውቀው የለም። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመን ግን በርተን ከሐረር በኋላ ያጋጠመው ነገር ነው።

በ1857 በርተንና ጓደኛው ጆን ስፒክ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከዛንዚባር ሲነሡ ተፈታትታ የምትገጣጠም የብረት ጀልባ ነበረቻቸው። ስሟ ሉዊዛ ነበር። የሚሸከሟት በቂ ሰዎች ስላልተገኙ እዚያው ባሕሩ ዳር ትተዋት ሄዱ። በፌብሩዋሪ 1858 ታንጋኒካ ሐይቅ ደረሱ። ስፒክ ከአንድ ዐረብ ነጋዴ ጀልባ እከራያለሁ ብሎ ሐይቁን ተሻግሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻ ሁለቱም ከግንድ በተፈለፈሉ ታንኳዎች ወደ ሰሜን ሄዱ። ፍላጎታቸው ሩዚዚ የተባለው ወንዝ ከሐይቁ ይወጣ እንደሆነ ወይም ወደ ሐይቁ ይገባ እንደሆነ በዓይናቸው ማየት ነበር። ቀዛፊዎቹ ከኡቪራ ወዲያ አንሄድም አሉ። ወንዙ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ ከአገሬው ሰው ሰምተው፣ ሳያዩት ተመለሱ። ጀልባ ነበረቻቸው፤ ይዘዋት መሄድ ግን አልቻሉም።

ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ ይዞ መሄድ ነው፤ ይልቁንም በዛሬው ዘመን በጣም ስለተለመደው አያያዝ፣ በአየር የምትነፋ ትንሽ የጎማ ጀልባን ከትልቁ ጀልባ ኋላ አዝሎ ስለመሄድ። ኤረር በር ላይ ቆሞ ስለዚህ ማውራት ቀልድ እንደሚመስል አውቃለሁ። በዚህ በር የሚያልፈው ጫት፣ ማገዶና አህያ ነው። ከበሩ ቁልቁል የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ወደ ኤረር ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል፤ ሸበሌም አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይደርስ ሶማሊያ ውስጥ አሸዋና ረግረግ ላይ ይቀራል። ለከተማው የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐረማያ ሐይቅም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ውሃው የተመለሰው በቅርብ ዓመታት ነው። ቢሆንም በኋላ ሐረር መጥቶ የኖረው አርተር ራምቦ «የሰከረው ጀልባ» የተባለውን ግጥም የጻፈው ባሕር ሳያይ ነው ይባላል። እኔ ቢያንስ ባሕር አይቻለሁ።

ጀልባ ለምን ሌላ ጀልባ ያስፈልገዋል? ዐሥር ሜትር ያህል የሚረዝም የሸራ ጀልባ ከውሃው በታች አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚወርድ ከባድ ሆድ አለው። ነፋስ ሸራውን ሲገፋው እንዳይገለበጥ የሚይዘው ያ ሆድ ነው። ወደ ዳርቻ እንዳይጠጋ የሚያግደውም እርሱው ነው። ስለዚህ ትልቁ ጀልባ መልህቁን ራቅ አድርጎ ይጥላል። ከዚያ እስከ መሬት ያለው መንገድ የትንሿ ነው፤ የመጠጥ ውሃው፣ ነዳጁ፣ የታመመው ሰው፣ የጉምሩክ ወረቀቱ በእርሷ ይመላለሳል። ወደብ በሌለበት ጠረፍ ትንሽ ጀልባ የሌለው ካፒቴን ከተማውን እያየ ጀልባው ላይ ያድራል።

ይህችን ጀልባ ከአየር መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከነምሩድ ቤተ መንግሥት በተገኘው የአሦር ቅርጽ ላይ ሰዎች የተነፋ ቆዳ ደረታቸው ሥር ይዘው ወንዝ ሲዋኙ ይታያል፤ ቅርጹ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በእኛም አገር ዓባይን የሚሻገር ሰው ስልቻ ነፍቶ፣ አፉን አጥብቆ አሥሮ፣ በእርሱ ላይ ተኝቶ ይዋኝ ነበር። ዕቃ ሲኖር ደግሞ ጀንዲ አለ፤ የበሬ ቆዳ ተዘርግቶ ጭነቱ በውስጡ ይታሠርና ዋናተኞች እየገፉ ያሻግሩታል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ ሲያጠና ይህንን አሻጋገር አይቶ ጽፎታል። የስልቻው ብልሃት መንሳፈፉ ብቻ አይደለም። ተሻግሮ የጨረሰ ሰው አየሩን አስተንፍሶ፣ አጥፎ፣ ትከሻው ላይ ጥሎት ዳገቱን ይወጣል።

ጎማ ከመጣ በኋላ ፒተር ሃልኬት የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የሚለበስ ጀልባ ሠራ። ሲለብሱት ካባ፣ ሲነፉት ጀልባ ይሆናል፤ ከዘራው መቅዘፊያ፣ ጃንጥላው ሸራ ነው። ሰዎች ሳቁበት። የባሕር ኃይሉም ብዙ አልፈለገውም። ጆን ሬይ የተባለው አሳሽ ግን በሰሜን አሜሪካ የበረዶ አገር ይዞት ዞሮ አመስግኖታል፤ ሬይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስለነበር የክብደት ዋጋ ይገባዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ አላን ቦምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ዞዲያክ በተባለ የጎማ ጀልባ፣ አራት ሜትር ተኩል ብቻ በምትሆን፣ ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ አትላንቲክን ተሻግሮ ባርቤዶስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በጎማ ጀልባ የሚስቅ ጠፋ።

የእኛ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በ1960 ዓ.ም. ክረምት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ መኮንን ዓባይን በጀልባ ሊወርድ ብዙ ሰው አስከትሎ መጣ። ከባዶቹ የጦር ጀልባዎች በሞተር የሄዱት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ከሚያሻግረው ድልድይ በታች ነበር። ድንጋይና ፏፏቴ የበዛበትን የላይኛውን ክፍል፣ ከጣና መውጫ ጀምሮ፣ እንዲወርዱት የተመረጡት ግን አቮን ሬድሻንክ የተባሉ የጎማ ጀልባዎች ናቸው። ሬድሻንክ ለወንዝ የተሠራች አልነበረችም። እንግሊዞች በሸራ ጀልባቸው ኋላ ይዘዋት የሚዞሩት፣ ከመልህቅ ወደ ዳርቻ የምታመላልሰው፣ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል የምትረዝም ያቺው ትንሽ ጀልባ ነበረች።

ለምን እርሷ? የጦር ጀልባ ጢስ ዓባይን በሰው ጉልበት ዞሮ ሊያልፍ አይችልም። የጎማዋ ጀልባ ተሸክመው ያልፏታል፤ ድንጋይ ሲመታት ትታጠፋለች እንጂ አትሰነጠቅም፤ ከተቀደደችም በሙጫና በጎማ ቁራጭ ትደፈናለች። ጉዞው ቀላል አልነበረም። ኮርፖራል ኢያን ማክሌዎድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ፤ ቡድኑ ከሽፍታም ጋር ተታኩሷል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ቱሪስቶች በጎማ ጀልባ ፈጣን ወንዝ ሲወርዱ የምናየው ስፖርት ታሪክ ሲጻፍ ይህ የዓባይ ክረምት ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በስልቻ ይሻገሩት የነበረው ወንዝ ነው፤ ነገሩ ቢያስገርመኝም ተገቢ ይመስለኛል።

ወደ አያያዙ እንምጣ። የጎማ ጀልባ ያለው ካፒቴን ፊት አራት ምርጫ አለ፤ ሦስቱን በአጭሩ እናልፋቸዋለን።

አንደኛው በገመድ መጎተት ነው። ጸጥ ባለ ውሃ ለአጭር መንገድ ይበቃል። ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ግን ትንሿ ጀልባ ተወርውራ የትልቁን ጀርባ ትመታለች፤ ነፋስ ሲበረታ ትገለበጣለች፤ ካፒቴኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ የመጎተቻው ገመድ በሞተሩ ማሽከርከሪያ ላይ ይጠመጠማል። ሁለተኛው ፊት ለፊት፣ ከምሰሶው በስተፊት፣ ገልብጦ ማሠር ነው። ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ከዚህ የተሻለ የለም። ነገር ግን እይታ ይጋርዳል፣ መልህቁን ለማግኘት ያስቸግራል፣ ሁልጊዜም ማንሣትና ማውረድ ሁለት ብርቱ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው አስተንፍሶ፣ ጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ መክተት ነው። ይህ ወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ይበልጣል። በተግባር ግን መድረሻው ላይ ደክሞ የገባ ሰው ጀልባ ነፍቶ፣ ወለል ገጥሞ፣ ሞተር አሥሮ ወደ ከተማ መሄዱን ይተወዋል። የምትጠቀለል ጀልባ ቀስ በቀስ የማትፈታ ጀልባ ትሆናለች።

ስለዚህ ብዙዎች የሚመርጡት አራተኛውን፣ ኋላውን ነው። ሁለት የብረት ክንዶች ከጀልባው ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ትንሿ ጀልባ በሁለት ገመድ ተስባ ትንጠለጠላለች። ክንድ የማይችል አነስ ያለ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ኋላው ላይ ባለው የመዋኛ መድረክ በጎኗ ትቆማለች፤ ጎኗ ላይ በተለጠፉ ማያያዣዎች ተይዛ፣ ከላይ በገመድ ትደገፋለች። መድረስ ሲሆን አንድ ሰው ብቻውን በደቂቃዎች ያወርዳታል። ትልቁ ጥቅሟ ይህ ነው፤ ስለምትቀርብ ትሠራለች።

ዋጋዋ ግን የሚከፈለው በክብደት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 40 ኪሎ የምትመዝን ጀልባ 25 ኪሎ ከሚመዝን ሞተር ጋር ስትደመር 65 ኪሎ ናት፤ አንድ ሰው እንደማለት ነው። ይህ ሰው ግን የቆመው ወለሉ ላይ ሳይሆን ከጀልባው መጨረሻ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ነው። ጭነት ከመካከል በራቀ ቁጥር ጫናው ስለሚበረታ የጀልባው ኋላ ይዘቅጣል፣ አፍንጫው ይነሣል፣ መሪው ይከብዳል። ኤረር በር ላይ አህያ የሚጭን ሰው ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል፤ ጭነቱን ወደ መካከል ስቦ፣ ግራና ቀኙን አመጣጥኖ፣ መጫኛውን እስኪጠብቅ ይስበዋል፤ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ጭነት አህያዋን ዳገት ላይ እንደሚጥላት አይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ሞተሩን አውርዶ በትልቁ ጀልባ አጥር ላይ ለብቻው ማሠር ነው። ነዳጁም፣ የትንሿ መልህቅም፣ ከውስጧ የሚረሳው ዕቃ ሁሉ ይውጣ።

ሁለተኛው ነገር መወዛወዝ ነው። ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ጀልባ ክንዶቹን ከሥራቸው ትነቅላለች፣ ገመዷንም ጎማዋንም እየፈተገች ትበላለች። ወደ ላይ የሚይዟት ሁለቱ ገመዶች አይበቁም። ከግራ ክንድ ወደ ቀኝ ጎኗ፣ ከቀኝ ክንድ ወደ ግራ ጎኗ የሚሄዱ ተሻጋሪ ገመዶች፣ ከታችም ወደ ፊት የሚስብ አንድ መቀነት ያስፈልጋታል። በእጅ ስትገፏት ንቅንቅ ካለች አልታሠረችም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከፋው ውሃ ነው። የትንሽ ጀልባ ወለል አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ሰባ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ግድግዳዋ እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ውሃ ይይዛል። አባዙት፤ ከሦስት መቶ ሊትር በላይ ይሆናል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና፣ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ቢዘንብ ወይም አንድ ማዕበል ከኋላ ቢገባባት 40 ኪሎ የነበረችው ጀልባ ከሦስት መቶ ኪሎ በላይ ትሆናለች። ለ65 ኪሎ የተበጀ ክንድ ይህን አይሸከምም። መፍትሔው ትንሽ ቡሽ ነው። ከጀልባዋ ኋላ ግርጌ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለ፤ ስትሰቀል ይከፈታል፣ ቀዳዳው ዝቅ እንዲል አፍንጫዋ ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይታሠራል።

እዚህ ላይ የእኔን ፍርድ ልናገር። ለሐይቅና ለጠረፍ ጉዞ ኋላው ከሁሉም ይሻላል። ውቅያኖስ ለማቋረጥ ግን በክንድ ላይ የተሰቀለች ጀልባ ለማዕበል የተሰጠች መያዣ ናት፤ ከመነሣት በፊት አውርዶ፣ አስተንፍሶ ወለል ላይ ማሠር ይገባል። ይህን የማያደርጉት ለመድረሻው ቀን ምቾት ሲሉ የመንገዱን ሃያ ቀን አደጋ ላይ ይጥላሉ።

የተሰቀለች ጀልባ የምትሸፍነውንም ማየት ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የግጭት መከላከያ ደንብ የኋላ መብራት ነጭ ሆኖ በ135 ዲግሪ ስፋት እንዲታይ ያዛል። ትንሿ ጀልባ መብራቱን ከጋረደች ከኋላ ለሚመጣ መርከብ ትልቁ ጀልባ በጨለማ ውስጥ የለም ማለት ነው። የጀልባው ስምና የተመዘገበበት ወደብም የሚጻፈው እዚያው ኋላ ላይ ነው።

የእኛ አገር ሰው ከዚህ ሁሉ የሚለየው አንድ ጉዳይ አለው፤ ከፍታ። የጎማ ጀልባ የሚነፋው ከውጭው አየር በላይ ሩብ ባር ያህል ግፊት እስኪኖረው ነው። በርበራ ጠረፍ ላይ የውጭው አየር 1013 ሚሊባር ገደማ ነው፤ ወደ 1900 ሜትር ከፍታ ባላት ሐረር ወደ 810 ይወርዳል። በበርበራ በትክክል የተነፋች ጀልባ መኪና ላይ ተጭና ሐረር ብትገባ፣ የደጋው ቅዝቃዜ ጥቂት ቢቀንስላትም፣ በውስጧ ያለው ትርፍ ግፊት ወደ 380 ሚሊባር ይደርሳል፤ ከልኳ አንድ ጊዜ ተኩል ማለት ነው። ስፌቷ ሊለቅ ይችላል። ሐረር ላይ ተነፍታ በርበራ ብትወርድ ደግሞ ተልፈስፍሳ ትገኛለች። ባሕር ዳርም በከፍታዋ ከሐረር ብዙ አትርቅምና ከጅቡቲ ወደብ ለጣና ጀልባ የሚያመጣ ሰው አስተንፍሶ ይጫናት። ፀሐይም እንዲሁ ናት፤ በጠዋት ብርድ የተነፋች ጎማ ቀትር ላይ ትወጠራለች፤ ካፒቴኖች ለዚህ ነው ከሰዓት በፊት ጥቂት አየር የሚለቁላት። ብዙ ዓመት በፀሐይ የምትሰቀል ከሆነች ከርካሹ የፕላስቲክ ጨርቅ ይልቅ ሃይፓሎን የሚባለው ጎማ ዋጋውን ያወጣል፤ ካልሆነም ልብስ ይሰፋላት።

በብዙ የጭነት መርከቦችም የኋላው ቦታ ዛሬ የነፍስ አድን ጀልባ ሆኗል። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ቻይና ካሠራቸው መርከቦች አንዷ «ሐረር» ትባላለች፤ ስለዚህ የዚህች የደጋ ከተማ ስም በመርከብ ጀርባ ተጽፎ ባሕር ላይ ይሄዳል። በዘመናዊ የጭነት መርከብ ኋላ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውሃ ያዘነበለች፣ ዙሪያዋን የተዘጋች ብርቱካንማ ጀልባ ካያችሁ፣ ያቺ በነፃ የምትወድቅ የነፍስ አድን ጀልባ ናት። መርከበኞቹ ገብተው ጀርባቸውን ወደሚወድቁበት አቅጣጫ አድርገው በቀበቶ ይታሠራሉ፤ መያዣው ሲለቀቅ ተንሸራታ ባሕር ውስጥ ትወረወራለች፣ በራሷም ብቅ ትላለች። ከ2006 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተሠሩ እህልና ማዕድን ጫኝ መርከቦች እንዲህ ያለችውን እንዲይዙ ግዴታ ነው። ኋላ ላይ የተደረገችበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ መርከቡ ወደ ግራ ቢያዘነብልም ወደ ቀኝ፣ ከኋላ የምትወድቀው መንገዷ አይዘጋም።

በጎንና በጎን ደግሞ በነጭ በርሜል የታሸጉ የሚነፉ ጎማዎች አሉ። መርከቡ ከሰጠመ ውሃው ራሱ ከአራት ሜትር ጥልቀት በፊት መያዣቸውን ይፈታዋል፤ ውስጣቸው ያለው ጋዝ ይነፋቸዋል። ባሕር ዳር የሚገኘው የኢትዮጵያ የባሕር ማሠልጠኛ ለውጭ መርከቦች መኮንኖችን ያሠለጥናል፤ ለመርከበኛ ሁሉ ግዴታ በሆነው መሠረታዊ ሥልጠና ውስጥ ውሃ ላይ ተገልብጦ የተነፋውን ጎማ ማቃናትም አለ። አንድ ሰው ብቻውን ጠርዙ ላይ ቆሞ፣ ማሠሪያውን ጨብጦ፣ ወደ ኋላ በጀርባው እየወደቀ ይገለብጠዋል።

የሚነፋ ነገር ሁሉ ግን ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 የሮበርትሰን ቤተሰብ ሉሴት የተባለች የሸራ ጀልባቸውን ከጋላፓጎስ ምዕራብ ዓሣ ነባሪዎች መትተው አሰመጡባቸው። ስድስት ሰዎች በሚነፋው የነፍስ አድን ጎማ ላይ ወጡ። ጎማው በ17ኛው ቀን ከጥቅም ውጪ ሆነ። ከዚያ በኋላ የያዘቻቸው ኤድናሜር የምትባል፣ ሦስት ሜትር የማትሞላ የፋይበር ትንሽ ጀልባ ናት፤ በሌላ ጊዜ ወደ ዳርቻ የምታመላልሳቸው ያቺው። በ38ኛው ቀን የጃፓን ዓሣ አጥማጆች አገኟቸው፤ ስድስቱም በሕይወት ነበሩ።

ለጣና፣ ለሐዋሳ ወይም ለዝዋይ የጎማ ጀልባ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ከዋጋዋ በፊት ክብደቷንና የምትቀመጥበትን ቦታ ለኩ። ስትሰቅሏት የውሃ መውጫውን ቡሽ አውጡ፤ ቡሹንም በመቅዘፊያው ላይ በገመድ እሠሩት፤ መቅዘፊያውን ሳታነሡ ጀልባዋን አታወርዱምና፣ ቡሹን ሳታዩ ውሃ ላይ አትጥሏትም።